የሞምባሳን ግንብ በሩን ማን ከፈተው?

ባለፈው እትም ስለ ኬንያ የባህር ዳርቻ ከተሞች ስንጽፍ ፎርት ጂሰስ የሚባለውን የሞምባሳ ግንብ በአንድ አንቀጽ ጠቅሰን አልፈን ነበር። ያቺ አንድ አንቀጽ ጉድ አፈላች። ደብዳቤ መጣ፣ የስልክ መልእክት መጣ። የሚገርመው ደግሞ አብዛኛው ጥያቄ ከከተማው ዳር ዳር ነው፦ ከገላን፣ ከለገጣፎ፣ ከሰበታ፣ ከአቃቂ፣ ከሱሉልታ። መሀል ከተማ ያለው ሰው ምን ነካው? ለማንኛውም የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ፣ ገላን ነው የምኖረው። ሞያሌ ላይ የተዋወቅኩት ኬንያዊ ሾፌር የግንቡን ፎቶ በስልኩ አሳየኝ። ፖርቹጋሎች ናቸው የሰሩት አለኝ። ፖርቹጋል ከዚያ ሁሉ ርቀት መጥታ ድንጋይ የምትከምረው ለምንድነው? ጉልበቷን ለማሳየት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኛህ ልክ ነው፤ የሰሩት ፖርቹጋሎች ናቸው። ጉልበት ለማሳየት ነው የሚለው ግን አይመስለኝም። እኔን ከጠየቅከኝ ያንን ግንብ ያሰራው ፍርሃት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 ሞምባሳ ሲደርስ ከተማዋ የነጋዴ ከተማ ነበረች። ከአረብ፣ ከፋርስና ከህንድ የሚመጣው ሸቀጥ የሚራገፍባት፣ የዝሆን ጥርስና ወርቅ የሚጫንባት፣ የራሷ ሱልጣን ያላት ከተማ ናት። እንግዳውን አልወደደችውም። እሱም ጥሏት ሄደና ከእሷ ጋር ስትፎካከር ከኖረችው ከማሊንዲ ጋር ተወዳጀ። ማሊንዲ ወደ ህንድ የሚመራው ሰው ሰጠችው። ከዚያ በኋላ ፖርቹጋል ለማሊንዲ ወዳጅ፣ ለሞምባሳ ጠላት ሆና ቀረች። በ1505 አልሜዳ የሚባለው አዛዥ መጥቶ ሞምባሳን ዘርፎ አቃጠላት። በ1528 ሌላው መጥቶ ደገማት።

እንግዲህ ልብ በል፤ ሁለት ጊዜ አቃጥለዋት ግንብ አልሰሩባትም። ለምን ይሰራሉ? የሚፈልጉት ንግዱን ነው፣ መርከብ ደግሞ አላቸው። ዘርፎ መሄድ ይቀላል። ግንብ ማለት ወታደር መቅለብ ነው፣ ደመወዝ ነው፣ ባሩድ ማመላለስ ነው።

ሀሳባቸውን ያስቀየራቸው ቱርክ ነው። ሚር ዓሊ ቤይ የሚባል የኦቶማን ባህረኛ በ1585 አካባቢ ከቀይ ባህር ወጥቶ በዚያ ዳርቻ ብቅ አለ። ከሶማሌ ጠረፍ ጀምሮ እስከ ሞምባሳ ያሉ ከተሞች በደስታ ተቀበሉት። ፖርቹጋል ያስመረራቸው ሰዎች ናቸው። በ1588 መጨረሻ እንደገና መጣ፤ ሞምባሳ ላይ ምሽግ ሰርቶ መድፍ ተከለ። ከህንድ፣ ከጎአ፣ ትልቅ የፖርቹጋል መርከብ ጦር በቶሜ ደ ሶዛ ኩቲኞ መሪነት ተላከበት። በዚያው ሰሞን ደግሞ ዚምባ የሚባሉ ተዋጊዎች ከደቡብ እየጠራረጉ መጥተው፣ ሞምባሳ ደሴት ናትና፣ ከደሴቲቱ ማዶ ሰፍረው ነበር። ቱርኮቹ ከፊት ፖርቹጋል፣ ከኋላ ዚምባ ሆነባቸው። በ1589 መጀመሪያ ዚምባዎቹ ወደ ደሴቲቱ ተሻገሩ። የከተማው ሰው መሸሺያ ሲያጣ ወደ ባህሩ ሮጠ፤ ፖርቹጋሎቹ ጀልባ ላይ ሆነው የደረሱበትን ያዙ። ሚር ዓሊ ቤይም ተማረከ።

ፖርቹጋል አሸነፈች፣ ግን ደነገጠች። ቱርክ ነገ ተመልሶ ቢመጣስ? ህንድ የሚሄደው መንገድ ተዘጋ ማለት ነው። ግንቡ የተወለደው እዚህ ጋ ነው። ሚያዝያ 1593 የመሰረት ድንጋዩ ተጣለ፤ ያስጀመረው ማቴዎስ ሜንዴስ ደ ቫስኮንሴሎስ የሚባለው አዛዥ ነው። ንድፉን ያወጣው ደግሞ ፖርቹጋላዊ እንኳ አይደለም። ጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ የሚባል የሚላኖ ጣሊያናዊ ነው፤ በህንድ ያሉ የፖርቹጋል ግዛቶች ዋና መሐንዲስ ነበር። ይኼ የመጨረሻ ስራው ሆነ። ዋናው ግንባታ በ1596 አለቀ ይባላል። ድንጋዩ ከዚያው ከባህር ዳሩ የተፈለጠ ኮራል ነው፤ ግንበኞቹ ከህንድ፣ የቀን ሰራተኞቹ ከማሊንዲ መጡ። ወዳጅ የነበረው የማሊንዲ ሱልጣንም ተነስቶ ሞምባሳ ላይ ነገሠ። ያ ሁሉ ዘመን ጠላቱ የነበረችው ከተማ ማለት ነው።

አሰራሩን ፎቶው ላይ ደህና አድርገህ እየው። ረጅም ማማ የለውም። ዝቅ ብሎ ወፍራም ነው፤ በአራቱ ማዕዘን እንደ ቀስት ጫፍ የሾሉ ክፍሎች ወደ ውጭ ይወጣሉ። ቆንጆ ለማድረግ አይደለም። በመድፍ ዘመን ረጅም ግንብ ማለት ለመድፍ ጥሩ ኢላማ ማለት ነው። ወጣ ያለው ማዕዘን ደግሞ ከግድግዳው ስር የተጠጋውን ጠላት ከጎን ለመምታት ነው፤ ቀጥ ያለ ግድግዳ ላይ የቆመ ወታደር እግሩ ስር የተለጠፈውን ሰው ማየት አይችልም፣ ከማዕዘኑ ላይ ያለው ግን ያየዋል። ካይራቲ ይህን ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። ድንጋዩን በተመለከተ የሚወጣለት እንከን የለም።

ጥያቄ፦ እነዚህ ፖርቹጋሎች እኛ ጋ የመጡት ናቸው? ወይስ ሌሎች? (ከሰበታ፣ ከአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ)

መልስ፦ እነሱው ናቸው፤ እንዲያውም ቤተሰቡም አንድ ነው። በ1541 ምጽዋ ላይ 400 ያህል ወታደር ይዞ ወርዶ ከግራኝ አህመድ ጋር የተዋጋው ክሪስቶቫው ዳ ጋማ የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ነው። መርከቦቹን ይዞ ያመጣው ወንድሙ ኢስቴቫው ነው። ክሪስቶቫው በ1542 ተሸንፎ ተማርኮ ተገደለ። የተረፉት ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ሆነው በ1543 ወይና ደጋ ላይ ግራኝ የወደቀበትን ጦርነት ተዋጉ። እኛ ታሪኩን ከዚህ በኩል ብቻ ስለምናየው ፖርቹጋል ማለት ለእርዳታ የመጣ ወዳጅ ይመስለናል። ለሞምባሳ ሰው ግን ፖርቹጋል ማለት ቤት የሚያቃጥል ነው። ሁለቱም እውነት ነው፣ ዘመኑም አንድ ነው።

የቱርኩም ጉዳይ እንደዚያው። ኦቶማኖች በ1557 ምጽዋን ያዙ። አፄ ሠርፀ ድንግል በ1570ዎቹ መጨረሻ ከባህር ነጋሽ ይስሐቅ ጋር ያበሩትን ቱርኮች ሰሜን ላይ ድል አድርገዋቸዋል። ያ ከሆነ ብዙም ሳይቆይ ነው ሚር ዓሊ ቤይ ሞምባሳ ላይ ብቅ ያለው። ለፈተና ስታጠና ሁለቱን ነጥለህ አትያቸው፤ የአንድ ቀይ ባህር ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህርት ነኝ፣ ለገጣፎ። የሞምባሳ ሱልጣን ክርስቲያን ሆኖ ነበር፣ ከዚያ ፖርቹጋሎቹን ፈጃቸው የሚል ነገር አንብቤያለሁ። እውነት ነው? ተማሪዎቼ ስለነገርኳቸው እንዴት ሆኖ ብለው ይዘውኛል።

መልስ፦ እውነት ነው መምህርት፤ ከዚህ ግንብ ታሪክ ውስጥ እኔ አንደኛ የምለውም ይህንኑ ነው። ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልንገርዎት።

ከማሊንዲ መጥቶ ሞምባሳ ላይ የነገሠው ሱልጣን ሲሞት ልጁ ሐሰን ተተካ። ከግንቡ አዛዦች ጋር ግን አልተስማማም። የጉምሩኩ ገንዘብ፣ የንግዱ ፈቃድ፣ ማን አለቃ ነው የሚለው፣ ሁሉም ጠብ ሆነ። በስም ንጉሥ ነው፣ በተግባር ደግሞ ግንቡ ውስጥ ያለው ካፒቴን ያዘዋል። በመጨረሻ ሐሰን ሸሽቶ ወደ ዋናው ምድር ተሻገረ፣ እዚያም በ1614 ፖርቹጋሎቹ በገዟቸው ሰዎች እጅ ተገደለ። ራሱን ቆርጠው ወደ ጎአ ላኩት።

የሐሰን ልጅ ዩሱፍ ያኔ ገና ልጅ ነበር። እሱንም ወደ ጎአ ወሰዱት። የአውግስጢኖስ መነኮሳት አሳደጉት፤ አጠመቁት፣ ዶን ጄሮኒሞ የሚል ስም አወጡለት፣ ፖርቹጋልኛ አስተማሩት፣ በመርከባቸው ላይም አገለገለ። እነሱ እንዳሰቡት ከሆነ የራሳቸው ሰው ሆነ። አድጎ ሲጨርስ ወደ ሞምባሳ መልሰው አነገሡት። አስቡት፤ አባቱን ያስገደለው ግንብ ፊት ለፊት ቤተ መንግሥት ሰጥተው አስቀመጡት።

ከሞምባሳ ሰው ጋር አልገጠመም፤ ሕዝቡ እስላም ነው፣ ንጉሡ ክርስቲያን። አዛዡ ደግሞ ይንቀዋል። አንድ ቀን ዩሱፍ አባቱ መቃብር ላይ በእስልምና ሥርዓት ሲጸልይ ታየ ተብሎ ለአዛዡ ተነገረ። ካፒቴኑም ወደ ጎአ ሊልከውና ሊያስከስሰው አሰበ። ዩሱፍ ቀደመው። ነሐሴ 1631 ላይ ሰዎቹን አስከትሎ፣ ለጉብኝት እንደሚመጣ ንጉሥ ሆኖ፣ ግንቡ ውስጥ ገባ። በሩ ተከፈተለት፤ ንጉሡ ነዋ! ካፒቴን ፔድሮ ሌይታው ደ ጋምቦአን ራሱ ገደለው። ከዚያ ከተማው ውስጥ ያሉ ፖርቹጋሎችና አብረዋቸው ክርስትና የተቀበሉ አፍሪካውያን እስልምናን ተቀበሉ ተባሉ፤ እምቢ ያሉት ተገደሉ። ቁጥራቸው ከመቶ በላይ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የሞምባሳ ሰማዕታት ብላ ታስባቸዋለች።

ለተማሪዎችዎ ይህን ይንገሯቸው፦ ያ ሁሉ መሐንዲስ፣ ያ ሁሉ ማዕዘን፣ ያ ሁሉ መድፍ ወደ ውጭ ነበር የሚያየው። ዩሱፍ በበሩ ገባ።

ፖርቹጋል ዝም አላለችም። በ1632 መጀመሪያ ከጎአ ትልቅ ጦር መጥቶ ግንቡን ለወራት ከበበው። እዚህ ላይ የራሳቸው ሥራ ለራሳቸው ጠላት ሆነ፤ መስበር አልቻሉም፣ ተመልሰው ሄዱ። ዩሱፍም እንደማያዛልቀው ገብቶታል፤ የሚችለውን መድፍ ነቅሎ፣ የሚችለውን አፍርሶ፣ መርከብ ላይ ወጥቶ የባህር ሽፍታ ሆነ። ፖርቹጋሎቹ በዚያው ዓመት ባዶ ግንብ ተረከቡ። ያፈረሰውን መጠገናቸውን የሚናገር ጽሑፍ በ1635 በሩ ላይ አስቀርጸዋል፤ እስከ ዛሬ አለ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይኼ ለክፍል የሚሆን ነው። 1632 እኛ ጋ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነው አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ሲታመስ ከርሞ፣ በሰኔ 1632 ሕዝቡ ወደ ቀደመ ሃይማኖቱ እንዲመለስ አወጁ፤ ልጃቸው ፋሲለደስም ነገሡ፣ ዬሱሳውያኑ ቀስ በቀስ ተባረሩ። የሞምባሳው እስላም፣ የእኛው ኦርቶዶክስ፣ መካከላቸው ይህን ያህል በረሃ፣ አንዱ ስለ ሌላው የሰማው ነገር ያለ አይመስለኝም። ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱም ከጎአ የመጣውን ሃይማኖት አንፈልግም አሉ። ሌላም ግንኙነት አለ፦ ጄሮኒሞ ሎቦ የሚባለው ዬሱሳዊ በ1624 ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት መጀመሪያ የሞከረው በዚያው በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ በኩል ነበር። አልሆነለትም፤ በ1625 በአፋር ጠረፍ፣ በበይሉል በኩል ገባ። ሲባረር ደግሞ አውሮፓ ድረስ ሄዶ ምጽዋን በጦር እንያዝ ብሎ ወተወተ። ማንም አልሰማውም። ቢሰሙት ኖሮ ምጽዋም የራሷ ፎርት ጂሰስ ይኖራት ነበር ብዬ አስባለሁ።

ጥያቄ፦ ግንቡ ሦስት ዓመት ተከበበ የሚባለው የተጋነነ አይደለም እንዴ? ሰው ሦስት ዓመት ተዘግቶበት ምን በልቶ ይኖራል? (ከአቃቂ)

መልስ፦ ትንሽ ይቀንሳል እንጂ አልተጋነነም። ከመጋቢት 13 ቀን 1696 እስከ ታኅሣሥ 13 ቀን 1698 ነው፤ ሦስት ወር ጎደለው እንጂ ሦስት ዓመት ነው። «ምን በልቶ» ያሉት ግን ትክክለኛው ጥያቄ ነው፤ አብዛኛው ሰው አልኖረም።

ከባቢዎቹ ኦማኖች ናቸው። ኦማን በ1650 ፖርቹጋልን ከሙስካት አባራ፣ የራሷን መርከቦች ሰርታ፣ በባህሩ ላይ ታሳድዳት ጀምራለች። የሞምባሳ ሰዎችም መልእክተኛ ልከው ኑና አድኑን ብለዋል። ኢማም ሰይፍ ቢን ሱልጣን የላኩት ጦር ሲደርስ ግንቡ ውስጥ የነበሩት የፖርቹጋል ወታደሮች ጥቂት ደርዘን ቢሆኑ ነው። ከእነሱ ጋር ግን ከሺህ በላይ የአካባቢው ሰው፣ ሴቱም ሕፃኑም፣ ሸሽቶ ገባ። ይህን ሁሉ አፍ ማን ይመግባል?

ኦማኖቹ ግድግዳውን የሚያፈርስ በቂ ከባድ መድፍ አልነበራቸውም። ስለዚህ ተቀመጡ። ከከተማው ያሉ ሰዎች ያግዟቸዋል፣ ጊዜው የእነሱ ነው። ግንቡ ውስጥ ላሉት የሚመጣው እርዳታ ግን በነፋስ ነው የሚመጣው። የህንድ ውቅያኖስ ነፋስ ግማሽ ዓመት ወደ አፍሪካ፣ ግማሽ ዓመት ወደ ህንድ ይነፍሳል። ጎአ ላይ ያለው ሹም ዛሬ ደብዳቤ ቢደርሰው እንኳ ነፋሱ እስኪዞር መጠበቅ አለበት። ከዚያ ወታደር መልምሎ፣ መርከብ ጠግኖ፣ ገንዘብ ተለምኖ... እንደ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ነው፣ ምን ልበልዎ።

በ1697 በሽታ ገባ። ወታደሮቹ እየተከታተሉ አለቁ፣ በነሐሴ አዛዡም ሞተ። ግንቡን ተረክቦ የጠበቀው ማን እንደሆነ ገምቱ። ቡዋና ዳውድ የሚባል፣ ፋዛ ከምትባለው የሰሜን ከተማ የመጣ ስዋሂሊ መስፍን ነው፤ እስላም ነው። ከቤተ ዘመዶቹ ጥቂቶች፣ እፍኝ የማይሞሉ አፍሪካውያን ወንዶችና ወደ ሃምሳ የሚጠጉ ሴቶች ይዞ ነው የጠበቀው። ሴቶቹ መሣሪያ ይዘው ግንቡ ላይ ወጡ። «የፖርቹጋል ግንብ» እንላለን እንጂ ለሳምንታት በውስጡ የቆመ ፖርቹጋላዊ አልነበረም ማለት ይቻላል።

በመስከረም የእርዳታ መርከብ ደረሰ። ሳንቶ አንቶኒዮ ደ ታና የምትባለው የጦር መርከብ ግንቡ ስር መልህቅ ጣለች። ግን በጥቅምት 1697 ገመዷ በተኩስ ተቆርጦ ተንሳፈፈች፤ መልሰው ቢይዟትም ተጎድታ ስለነበር እዚያው ሰጠመች። እስከ ዛሬ እዚያው ባሕር ውስጥ አለች። ከ1977 እስከ 1980 ጠላቂ አጥኚዎች ቆፍረው መድፏን፣ ሸክላውን፣ የመርከበኛውን ዕቃ አውጥተዋል፤ ብዙው ግንቡ ውስጥ ባለው ሙዚየም ይታያል።

ከዚያ በኋላ ሌላ ዓመት እንዲሁ አለፈ። አዲስ ወታደር ይገባል፣ በሽታ ይጨርሰዋል። ታኅሣሥ 1698 ላይ ግንቡ ውስጥ የቀረው ሰው አዛዡን፣ ቄሱንና ጥቂት ወታደሮችን ጨምሮ ደርዘን አይሞላም ነበር። ኦማኖቹ በሌሊት መሰላል አቁመው ወጡ። የሚከለክላቸው አልነበረም። ቀጣዩ የፖርቹጋል እርዳታ ቀናት ዘግይቶ ሲደርስ ግንቡ ላይ የሚውለበለበው ቀይ የኦማን ባንዲራ ነው፤ ዞሮ ሄደ።

ጥያቄ፦ አያቴ እንግሊዝ ጣሊያንን ያስወጣው ከኬንያ በኩል መጥቶ ነው ይል ነበር። በዚያ ጦርነት ግንቡ አገልግሏል? (ከአቃቂም ሌላ አንባቢ)

መልስ፦ አያትህ ልክ ናቸው። ግንቡ ግን በዚያ ጊዜ እስር ቤት ነበር። እንግሊዞች በ1895 አካባቢውን ጥበቃቸው ስር ሲያደርጉ ወህኒ አደረጉት፤ እስከ 1958 እስረኛ ሲታሰርበት ኖረ። ዘመናዊ መድፍ በመጣበት ጊዜ የኮራል ግድግዳ ለሌላ ምን ይሆናል?

ጦርነቱን ያስተናገደው በደሴቲቱ ሌላኛው ጎን ያለው የኪሊንዲኒ ወደብ ነው። የደቡብ አፍሪካ ጦር በ1940 ሞምባሳ ላይ እየወረደ ነው ወደ ሰሜን የተጓዘው። በጄኔራል ካኒንግሃም ስር ከኬንያ ተነስቶ በሶማሊያ፣ በሐረርና በአዋሽ በኩል አድርጎ ሚያዝያ 6 ቀን 1941 አዲስ አበባ የገባው ጦር ስንቁና መኪናው በዚያ ወደብ ያለፈ ነው። ንጉሡ ከአንድ ወር በኋላ፣ በግንቦት 5 ገቡ። በ1942 ደግሞ ጃፓን ሲሎንን ስትደበድብ የእንግሊዝ የምሥራቅ መርከብ ጦር ሸሽቶ ኪሊንዲኒ ሰፈረ። የጃፓንን ምስጢራዊ መልእክት የሚፈቱ ሰዎችም አብረው መጥተው ሞምባሳ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ቢሮ ከፈቱ። ለእኔ ይኼ ከግንቡ ታሪክ ያልተናነሰ ነገር ነው፤ ግን የሚጎበኝ ግድግዳ ስለሌለው ማንም አያነሳውም።

ጥያቄ፦ የጎንደርን ግንብ የሰሩት ፖርቹጋሎች ናቸው የሚሉ አሉ። የሞምባሳውን ከሰሩ የጎንደሩንም ቢሰሩ ምን ይገርማል?

መልስ፦ የሚገርመው ዘመኑ አለመግጠሙ ነው። ጎንደር ከተማ የሆነችው በ1636 አካባቢ በአፄ ፋሲለደስ ነው፤ ዬሱሳውያኑን ያባረሩት ራሳቸው ፋሲለደስ። አባርሮ ቤቴን ሥሩልኝ የሚል ንጉሥ አለ? በሱስንዮስ ጊዜ፣ በ1620ዎቹ፣ ከህንድ የመጡ ግንበኞች ኖራ የማዘጋጀት ዘዴ ይዘው መግባታቸው የታወቀ ነው፤ ያ እውቀት አገር ውስጥ ቀረ፣ የእኛ ግንበኞችም ተጠቀሙበት። የህንድ እጅ ሁለቱም ቦታ አለ ብትሉ እስማማለሁ። ግን ሁለቱን ግንቦች ፎቶ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ተመልከቱ። የጎንደሩ ክብ ክብ ማማ አለው፣ ጉልላት አለው፣ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ንጉሥ የሚኖርበት ቤተ መንግሥት ነው። የሞምባሳው መሬት ላይ ተኝቶ መድፍ የሚጠብቅ ነው። አንድ ሰው የሠራቸው አይመስሉም።

ጥያቄ፦ ከሱሉልታ ነው። ሁለት ጓደኛሞች ተወራርደናል። እኔ «ያ ግንብ በመድፍ ኃይል እጅ ሰጥቶ አያውቅም» ብያለሁ። እሱ «ሰጥቷል» ብሏል። የተሸነፈው ለሁለቱም ቁርጥ ይከፍላል። እርስዎ ይፍረዱን።

መልስ፦ በመጀመሪያ የእርስዎን ወገን ልያዝ፣ ምክንያቱም ረጅሙን መንገድ ትክክል ነዎት። 1631፦ በሩ ተከፍቶ ተገባ። 1632፦ ባዶውን ተወሰደ። 1698፦ ረሃብና በሽታ ጨርሶት በመሰላል ተወጣ። 1728፦ ኦማኖቹ የቀጠሯቸው አፍሪካውያን ወታደሮች አምጸው፣ በመጨረሻ ፖርቹጋል ሳትደክም ተመልሳ ገባች። 1729፦ ፖርቹጋሎቹ የሞምባሳን ሰው እንደገና አስመርረው፣ ሕዝቡ ከቧቸው፣ እህል ሲያልቅባቸው ግንቡን ለቀው ወጡ፤ በዚያው ለሁልጊዜ ተሰናበቱ። ከዚያ በኦማን ስም የተሾሙት የማዝሩዒ ቤተሰቦች ግንቡን ይዘው በ1740ዎቹ ለራሳችን ነን አሉ። በ1824 ኦዌን የሚባል የእንግሊዝ መርከብ አዛዥ ባንዲራ ሰቅሎላቸው ነበር፤ ለንደን በ1826 አውርዱት አለች። ኦማናዊው ሰይድ ሰኢድ መርከብ ይዞ ደጋግሞ መጣባቸው፣ እነሱም እየመለሱት ቆዩ፤ በ1837 የገባው ማዝሩዒዎቹ እርስ በርስ ስለተጣሉ ነው። እንግዲህ ከ1593 ጀምሮ ቢቆጥሩ ግንቡን የሚከፍተው አንድም ጥል ነው፣ አንድም ረሃብ። ኳስ ቢሆን ይህን ሁሉ ግብ ያገቡት እርስዎ ነዎት።

ግን ጓደኛዎ አንድ ይዟል። በ1875 አል አኪዳ የሚባል የግንቡ ሹም በዛንዚባር ሱልጣን ላይ አመጸና ግንቡን ዘጋ። ራይፍልማንና ናሶ የሚባሉ ሁለት የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ቀርበው በመድፍ ደበደቡት። እጅ ሰጠ። ግድግዳው አልፈረሰም፣ እስከ ዛሬ ቆሟል፣ በ2011ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እርስዎ ግን «አልፈረሰም» አላሉም፤ «በመድፍ ኃይል እጅ ሰጥቶ አያውቅም» ነው ያሉት። «አያውቅም» ካሉ አንድ ጊዜም ቢሆን ይጥልዎታል። ይክፈሉ። አዋዜውን ግን እሱ ይቻል ብዬ ፈርጃለሁ።